ልደታን በፎልደር ያኖረ ሰው

የጋሽ ኑረዲንን ሞት የሰማሁት ሜክሲኮ ባቡር ስጠብቅ ነው። ልጁ ሙና ደውላ "ሰኒ፣ አባዬ እኮ አረፈ" አለችኝ። መቼ ስላት ዛሬ ጠዋት አለች። ቀብሩስ ስላት አልቋል አለች። እስላም ቤት ሬሳ እንደማያድር አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ያን ሰዓት ምንም አልረዳኝም። ባቡሩ መጥቶ ሄደ፣ ሌላው መጣ፣ እኔ ስልኬን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አጠገቤ የነበረች ሴት ክንዴን ይዛ "እህቴ፣ ደህና ነሽ?" ስትለኝ ነው ማልቀሴን ያወቅሁት።

"አባትሽ ናቸው?" አለችኝ።

"አይ፣ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ነው" አልኳት። ሴትየዋ ግር ብሏት አየችኝ። ለሥራ ባልደረባ እንዲህ ይለቀሳል እንዴ ብላ ይሆናል። አልፈርድባትም፤ ጋሽ ኑረዲንን አታውቀውም።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ስደርስ ሙና ከሴቶቹ መሀል ተነስታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ዓይኗ አብጧል። ትንሽ ቆይታ ቀስ ብላ "ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበር እኮ። ሥራ ቦታ ግን ምን ዓይነት ሰው ነበር?" አለችኝ። ለቅሶ ቤት ይህንን ሁሉ ማውራት አይመችም። "ጥሩ ሰው ነበር" ብቻ አልኳት። ወጥቼ ታክሲ ስይዝ ግን ተናደድኩ። ጥሩ ሰው የማይባል ሟች አለ እንዴ? ስለዚህ መልሱን እዚህ እጽፍላታለሁ።

ማተሚያ ቤታችን ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ፣ ከጠበቆች ቢሮና ከማመልከቻ ጸሐፊዎች ጠረጴዛ መሀል የተሸጎጠች ነበረች። ማተሚያ ቤት የምንላት ለክብሯ ነው። ፊት ለፊት አንድ ባንኮኒ፣ ከኋላ ስትነሳ ግድግዳውን የምታንቀጠቅጥ ማሽን፣ በጎን ደግሞ "ዲዛይን ክፍል" የተባለች፣ መስኮቷ የማይከፈት ጠባብ ክፍል። እዚያች ክፍል ውስጥ እኔና ጋሽ ኑረዲን ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ዓመታት አሳለፍን። የሠርግ ካርድ፣ የዕድር መታወቂያ፣ የሱቅ ታፔላ፣ ለለቅሶ ድንኳን የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ፤ የሰፈሩ ደስታም ሐዘንም በእኛ በኩል ነበር የሚያልፈው።

ጋሽ ኑረዲን ወላጆቹ ከወሎ የመጡ፣ እሱ ግን ተክለ ሃይማኖት ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ። ከአፉ መፋቂያ አይለይም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ሲፈልግ ይውላል። ሥራ ሲቀናው በጉሮሮው መንዙማ ያንጎራጉራል፤ ድምፁ ከተቋረጠ አንድ ነገር ጠፍቶበታል ማለት ነው። በወጣትነቱ የእርሳስ ፊደል ለቃሚ ነበር። እያንዳንዱን ፊደል ከየሳጥኑ በእጁ እየለቀመ መስመር ሲሠራ ኖሮ ኮምፒዩተር መጣና ያን ሥራ አጠፋው። ብዙ ጓደኞቹ ሙያውን ጥለው ወጡ። እሱ "ሳጥኑ ነው የተቀየረው" ብሎ ቀረ። መጀመሪያ የገባሁ ሰሞን አንቱ ስለው "አስረጀሽኝ እኮ ሰኒ! ሚስቴ ብትሰማ ትደነግጣለች" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ እያልኩ አንተ እለው ጀመር።

ኮምፒዩተሮቻችን ጀርባቸው ላይ የተገመጠች ፖም ያለችባቸው ነበሩ። አንድ የውጭ ድርጅት ቢሮውን ሲዘጋ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት በጨረታ የገዛቸው ናቸው። እኔ የተማርኩት በሌላ ዓይነት ስለነበር ፋይል ፍለጋው ግራ አጋባኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ሰውዬ መጥተው ለልጃቸው ሠርግ ያሠሩት ካርድ አልበቃቸው ስላለ ተጨማሪ እንድናትምላቸው ጠየቁ። ስማቸው አቶ አበበ ነው። ሰርች ላይ "አበበ" ብዬ ጻፍኩ። ስክሪኑ በአበበ ተጥለቀለቀ። ሰውየው አንገታቸውን አስግገው አብረውኝ ያያሉ። ላቤ መጣ።

ጋሽ ኑረዲን ወንበሩን አዞረ። "አባቴ፣ ቤትዎ በየት በኩል ነው?" አላቸው።

"ከልደታ ማርያም ጀርባ።"

"ከፀበሉ በላይ ነው በታች?"

"በታች ነው እንጂ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ትታጠፋለህ፤ ትልቁ ባሕር ዛፍ ያለበት ግቢ።"

እሳቸው አንድ ነገር በተናገሩ ቁጥር እሱ ማውሱን ጠቅ ያደርጋል። ልደታ፣ ጀርባ፣ ከፀበል በታች፣ ወፍጮ ቤት፣ ባሕር ዛፍ። ሰውየው ተናግረው ሳይጨርሱ የልጃቸው ካርድ ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለ።

"ቤታችንን ታውቀዋለህ እንዴ?" አሉት ተገርመው።

"አላውቀውም። እርስዎ ነዎት ያደረሱኝ" አላቸው፤ መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው እያዞረ።

ነገሩ ይኼ ነው። በእነዚያ ኮምፒዩተሮች ላይ ፋይል የሚታይበት አንድ መንገድ ነበር። ስክሪኑ ቁልቁል በዓምድ በዓምድ ይከፈላል፣ ልክ እንደ ጋዜጣ ገጽ። ግራ ጫፍ ካለው ዓምድ አንዱን ፎልደር ሲነኩት በሆዱ ያለው ሁሉ አጠገቡ ባለው ዓምድ ላይ ይደረደራል። ከዚያ ደግሞ አንዱን ሲነኩ ቀጥሎ ባለው ላይ። እንዲህ እያሉ ወደ ቀኝ ይኬዳል፤ የሚፈለገው ፎቶ ላይ ሲደረስ መጨረሻው ዓምድ ላይ ምስሉ ብቅ ይላል። ያለፉበት ሁሉ ደግሞ ሳይጠፋ በግራ በኩል ተሰልፎ ይቆያል። ጋሽ ኑረዲን በዚህ ተማርኮ የማተሚያ ቤቱን ሥራ በሙሉ በሰው ስም ወይም በቀን ሳይሆን አዲስ አበቤ ለእንግዳ ቤቱን በሚያመለክትበት መንገድ አስቀመጠው። እዚህ አገር ሰው ቤቱን በቁጥር አይነግርህም። ከትልቁ ጀምሮ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ወፍጮ፣ ቦኖ ውኃ እያለ፣ እያጠበበ እያጠበበ በር ላይ ያደርስሃል። ጋሽ ኑረዲን ያንን ንግግር ነበር ወደ ዓምድ የቀየረው።

ሌሎቹን የፋይል ማሳያ ዓይነቶች አይወዳቸውም ነበር። ትንንሽ ምስሎች ስክሪኑ ላይ የሚበተኑበትን "ሰልባጅ ተራ" ይለዋል። ከላይ እስከ ታች በአንድ ረድፍ የሚሰለፉበትን ደግሞ "የዳቦ ወረፋ"። የዓምዱን ግን "መንገድ" ብቻ ነው የሚለው። እኔ ችኩል ነኝ፤ ጠቅ ጠቅ አድርጌ የማላውቀው ፎልደር ውስጥ እዘፈቃለሁ። ያኔ ከጀርባዬ ድምፁ ይመጣል፦ "ሰኒ፣ ግራሽን እዪ።" ከየት እንደመጣሽ አይተሽ ተመለሺ ማለቱ ነው። ስናደድ፣ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ፣ አንድ ጊዜ ሥራ ልለቅ ስል እንኳን ይቺን ነበር የሚለኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ ታስቀኝ ነበር። አሁን ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ቢሮ ውስጥ ሌሎችን የማዝዝ ሰው ሆኜ ራሴ እላታለሁ፤ ልጆቹ ከማን እንደሰማኋት አያውቁም።

እንከን አልነበረበትም እያልኩ አይደለም። ስም አይይዝም፣ መልክም አይይዝም። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ "አንተ ወፍጮ ቤት ጎን! እንዴት ከረምክ?" ብሎ ይጨብጣል። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ልደታ አደባባይ ላይ "የተሰበረው ደረጃ" ብሎ ጠርቷቸው ለወር ያህል ኩርፊያ ላይ ነበሩ። በገዛ ሠርግ ካርዷ ላይ የእሱ ፎልደር ስም ተጽፎ እንዳይወጣ የምትፈራ ሙሽራም ገጥማናለች። ደግሞ ግትር ነው። ሰርች ተጠቅሜ ያገኘሁትን ፋይል እንዳላገኘሁት ነበር የሚቆጥረው፤ "ደርሰሻል፣ ግን መንገዱን አታውቂውም" ብሎ እንደገና በዓምድ ያስኬደኛል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ!

ከዚያ ሰፈሩ መፍረስ ጀመረ። ማተሚያ ቤታችን በአስፋልቱ ዳር ስለነበረች ተረፈች እንጂ ከጀርባዋ ያለው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ቆርቆሮ አጥርና ወደ አፈር ክምር ተለወጠ። ሰዉ ወደየኮንዶሚኒየሙ ሄደ። ጠዋት ጠዋት ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ወሬ የሚያወሩት ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ጠፉ። ባለቤቱ ነጋዴ ሰው ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሞልቷል፣ ሥራውን አዘገየው፣ ሰዎቹም አይመለሱም፣ የድሮውን አጥፉት አለን። ጋሽ ኑረዲን በማግስቱ አንድ ትርፍ ዲስክ ከቤቱ ይዞ መጣና ሁሉንም ወደዚያ ገልብጦ ማሽኑን አቀለለለት። ዲስኩን ከጠረጴዛው እግር ሥር አስቀመጠው፤ ሲፈልግ ይሰካዋል። ባለቤቱም አይቶ ተወው።

በዚያው ሰሞን አንድ የሠርግ ካርድ ለማድረስ ራሱ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሄደ። ምሳ ሰዓት አልፎ ስልኬ ጮኸ።

"ሰኒ፣ ጠፋሁ!"

"የት ነህ?"

"እሱን ባውቅማ መች ጠፋሁ! ሁሉም ሕንፃ አንድ ነው። ብሎክ እንትን ይሉኛል፣ ቁጥር ነው የሚነግሩኝ። ወፍጮ የለ፣ ቦኖ የለ። እዚህ ሰፈር እኮ ግራ የለውም!"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አንድም ፋይል ጠፍቶበት የማያውቀውን ሰው አንዲት አሮጊት እጁን ይዘው ታክሲ ላይ አሳፍረው መለሱት። ሲመጣ ካርዱን እንደያዘ ነው። እኔ ስስቅ እሱም ሳቀ፤ በኋላ ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ "እነዚያ ሰዎች ቤታቸውን ለእንግዳ ሲነግሩ ምን ይሉ ይሆን?" አለ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከሁዳዴ ጾም መግቢያ ጀምሮ ሥራ ቀዝቅዞብን ነበር። አንድ ረፋድ ላይ ሂሩት የምትባል ወጣት መጣች። ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነው። ለካርድ አልመጣችም፤ የመጣችው ለእናቷ ፎቶ ነው። እናቷ የሞቱት እሷ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ሲሆን፣ ለለቅሶው ድንኳን ፎቷቸውን ያሳደገው የእኛ ማተሚያ ቤት መሆኑን አባቷ ነግረዋታል። ያ ፎቶ ከለቅሶው በኋላ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ኖረ። ሌላ የእናቷ ምስል የላቸውም። ቤታቸው ሲፈርስ ዕቃ ተጭኖ እየሄደ ሳለ ዝናብ ደበደበው፤ ፎቶው መስተዋቱ ላይ ተጣብቆ ሲላቀቅ ቀለሙ ተነሳ። ከፌስታል አውጥታ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችልን። ነጠላው አለ፣ ትከሻው አለ፣ ፊት የለም። አንደኛው ትከሻ ላይ የሌላ ሰው ጣቶች ይታያሉ።

"ይኼ እጅ የማን ነው?" አልኳት።

"እኔም እንጃ። ልጅ ሆኜ አባዬን እጠይቀው ነበር፣ እሱም አያውቅም። እንዲሁ ተቆርጦ ነው የመጣው" አለችና ወደ ጋሽ ኑረዲን ዞረች። "ጋሼ፣ ለሠርጌ ቀን ነው። ጉልበት ስስም አባቴ ብቻውን ተቀምጦ እንዳላየው ብዬ ነው። እማዬ ከጎኑ በፎቶም ቢሆን ትኑርልኝ። መልኳም እየጠፋብኝ ነው፤ ማታ ማታ ላስታውሳት እሞክርና የሌላ ሰው ፊት ይመጣብኛል።"

ጋሽ ኑረዲን ዲስኩን ሰካና መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። "ቤታችሁ የት ነበር?"

"አሁን እኮ የለም ጋሼ። ፈርሷል።"

"እኔ ጋ አልፈረሰም። አንቺ ብቻ ንገሪኝ።"

ሂሩት ዓይኗን ጨፈን አድርጋ በእግሯ የምትሄድ ያህል ቀስ እያለች ጀመረች። ከልደታ ማርያም ጀርባ። ከፀበሉ በታች። ቦኖ ውኃው ጋ ወደ ግራ። ልብስ ሰፊው ቤት ይታለፋል። ቀጥሎ አረንጓዴ በር። ማውሱ ይከተላታል፣ ዓምዶቹ ወደ ቀኝ ይከፈታሉ፣ እሱ በጉሮሮው ያንጎራጉራል። ዓይኗን ስትገልጥ "አረንጓዴ በር" የሚል ፎልደር ስክሪኑ ላይ አየች። "ውይ፣ አለ!" አለች።

ተከፈተ። የአባቷ የዕድር መታወቂያ አለ። የታናሽ ወንድሟ የልደት ካርድ አለ። የእናቷ ፎቶ የለም።

መንዙማው ቆመ። እኔ በበኩሌ የማውቀውን ሞከርኩ፤ የእናቷን ስም ሰርች ላይ ጻፍኩ፣ ምንም። ያኔ ስካን የተደረገ ፎቶ ሁሉ ማሽኑ በሰጠው ቁጥር ነበር የሚቀመጠው፤ ስም የለውም። ሂሩት የተበላሸውን ፎቶ አጣጥፋ ወደ ፌስታሉ መመለስ ጀመረች። "ግድ የለም ጋሼ፣ እንዲሁ ልሞክር ብዬ ነው" ትላለች። ያን ጊዜ የተሰማኝን አልረሳውም። ምነው እኛ ጋ ባልመጣች አልኩ በልቤ፤ ተስፋ ሰጥተን ከምንነሳት።

ጋሽ ኑረዲን ስክሪኑን ሳይለቅ "ተቀመጪ" አላት። ዓይኑ ወደ ግራ፣ ወዳለፍንባቸው ዓምዶች ሄዶ ቀረ። ከዚያ ድንገት "እናትሽ ያረፉ ዕለት አባትሽ የት ነበሩ?" አላት።

"ፍራሽ ላይ ነዋ። እኔን አቅፎኝ።"

"ታዲያ ፎቶውን እዚህ ድረስ ማን አመጣው?"

ሂሩት ፌስታሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"አየሽ፣ ተሳስተናል" አለ ወደ እሷ ዞሮ። "ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነስቶ ፎቶ ሊያሳድግ አይመጣም። ድንኳኑን ጎረቤት ይተክላል፣ ወንበሩን ጎረቤት ያመጣል፣ ፎቶውንም ይዞ የሚሮጠው ጎረቤት ነው። እኔ ደግሞ ሥራውን የማስቀምጠው ባመጣው ሰው ቤት ነው። የሐዘንተኛው ቤት ገብተን ነው የምንፈልገው። ጎረቤቶቻችሁ እነማን ነበሩ?"

ልብስ ሰፊው ቤት ተከፈተ። ታፔላ፣ የልጆች ፎቶ፣ ደረሰኝ። የለም።

"በወዲያኛው በኩልስ?"

የሂሩት ፊት ተለወጠ። "እዚያ አይሆንም። እትዬ ዘውዲቱ ናቸው፣ ሻይ ቤት የነበራቸው። ከእማዬ ጋር ተኳርፈው ነበር፣ በዝናብ ውኃ መውረጃ ቦይ። ቦዩ ወደ እናንተ ነው፣ ወደ እኛ ነው እየተባባሉ። በአንድ ግድግዳ እየኖሩ እግዜር ይስጥልኝ እንኳን አይባባሉም ነበር። እማዬ ስትታመም አልጠየቋትም። እኛ ቤት ስማቸው አይነሳም።"

"ማየቱ አይጎዳም" አለ ጋሽ ኑረዲን።

"እዩ እንግዲህ" አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

"ዘውዲቱ ሻይ ቤት" የሚለው ፎልደር ውስጥ የነበረው የሻይ ቤቱ ታፔላና በቁጥር የተሰየመ አንድ ምስል ብቻ ነው። ጋሽ ኑረዲን ምስሉን ነካው። መጨረሻው ዓምድ ላይ ሁለት ሴቶች ብቅ አሉ። አረንጓዴ በር ፊት ለፊት ቆመዋል፣ ነጠላ ለብሰዋል፣ አንደኛዋ እጇን የሌላኛዋ ትከሻ ላይ ጥላ ሁለቱም በሳቅ ፈርሰዋል። ፎቶ አንሺው ያሳቃቸው ይመስላል፤ ወይም ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ነው።

"ሂሩት" አልኳት።

ዞር ብላ አየች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እማዬ" አለች። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ጣቷን ሁለተኛዋ ሴት ላይ አደረገች። "እሳቸው ናቸው። እጁ የእትዬ ዘውዲቱ ነው።"

ጋሽ ኑረዲን መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። "በመልካቸው አላስታውሳቸውም ነበር። ቤቱን ሳየው ግን ትዝ አሉኝ። ጫማቸውን እንኳን በወጉ አላደረጉም ነበር፣ ሮጠው ነው የመጡት። ፎቶውን ሰጡኝና 'እኔን ቁረጠኝ' አሉኝ። ለምን ስላቸው 'እሷ ድንኳን ላይ የምሰቀልበት ምን ፊት አለኝ፤ ሳልታረቃት ሞተችብኝ' አሉኝ። ቆረጥኩ። ጣቶቹን ላጠፋቸው እችል ነበር። እጄ እምቢ አለኝና ተውኳቸው።"

ሂሩት አለቀሰች። የእኔም እንባ አብሮ መጣ፤ በእናቷ ይሁን ባኳረፋቸው ቦይ ይሁን ለይቼ አላውቅም። ስንረጋጋ ጋሽ ኑረዲን "እንደ ድሮው ቆርጬ ልሥራልሽ?" አላት።

"አይ ጋሼ" አለች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። "እንዳለ ይሁንልኝ።"

በዚያ ሥራ ላይ እንደተጠበበ በሌላ ሥራ ላይ አላየሁትም። የደበዘዘውን ቀለም እያነሳ፣ ጭረቱን እያጠፋ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንጎራጎረ። ሂሩት ደግሞ እትዬ ዘውዲቱን ፍለጋ ገባች። ቤቱ ቢፈርስም ዕድሩ አልፈረሰም፤ ሰዉ ከየኮንዶሚኒየሙ በየወሩ እየመጣ ይሰበሰብ ነበርና በዕድሩ በኩል አገኘቻቸው። ምን እንደተባባሉ አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ሙና፣ አባትሽ ሥራ ቦታ ምን ዓይነት ሰው ነበር ላልሽኝ፣ ይኼው። የሰው ነገር አይጥልም ነበር። አይጠቅምም የተባለውን፣ የተቆረጠውን፣ ባለቤቱ የረሳውን ሁሉ ቦታ ሰጥቶ ያስቀምጠው ነበር፣ ሰው አንድ ቀን ይመጣል ብሎ። ብዙዎቹ አልመጡም፤ ቅር ብሎት አያውቅም። እኔ ከእሱ ጋር ባልሠራ ኖሮ ዛሬ ምን ዓይነት ሰው እሆን እንደነበር እንጃ፤ ቢያንስ አሁን ካለሁት የባስኩ ችኩል እሆን ነበር። ጀርባዬን ለጀርባው ሰጥቼ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ሁሉ አመሰግነዋለሁ። በቁሙ እያለ አልነገርኩትም፣ የሚያፍር ሰው ስለነበር።

ሠርጉ ላይ ሁለታችንም ተጠርተን ነበር። ጀሞ ኮንዶሚኒየሞቹ መሀል ትልቅ ድንኳን ተጥሏል። ጋሽ ኑረዲን በዚያ ቀን እንዳይጠፋ እጁን ይዤ ነው ያደረስኩት። ለእስላም እንግዶች ለብቻ በተዘጋጀው ጠረጴዛ በኩል ቦታ ይዘን ገና ሳንቀመጥ ሙሽሮቹ ገቡ። ሂሩት ቀጥ ብላ ወደ አባቷ ሄዳ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። ከጀርባቸው ፎቶው ተሰቅሏል፣ ሁለቱ ሴቶች እንደሳቁ፣ ሳይቆረጥ። ሂሩት ከዚያ ተነስታ በአባቷ ጎን ወዳለው ወንበር ዞረችና እንደገና ተንበረከከች። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ፀጉራቸው የነጣ፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ እትዬ ዘውዲቱ ነበሩ። ጉልበታቸውን ስትስም ሁለት እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

ምግብ ከተበላ በኋላ ሂሩት እየሳበች ጋሽ ኑረዲንን ወደ እሳቸው ወሰደችው። እኔም ተከተልኩ። እትዬ ዘውዲቱ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

"አንተ ነህ አይደል?" አሉት። "ቁረጠኝ ብዬህ አልነበረም?"

ጋሽ ኑረዲን እንደ ተማሪ እጁን ወደኋላ አድርጎ ቆመ።

"መቁረጡንማ ቆርጬዎት ነበር፣ እትዬ" አላቸው። "ግን አልጣልኩዎትም።"

እትዬ ዘውዲቱ አጠገባቸው የነበረውን ባዶ ወንበር ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና መቀመጫውን በነጠላቸው ጠርገው "ና፣ እዚህ እኔ ጋ ቁጭ በል" አሉት።